የጸደቁና ያልጸደቁ

እናቴ እራት ላይ ሰው ታጸድቅ ነበር። ከሥራ ገብታ፣ ቦርሳዋን የወንበሩ ጀርባ ላይ አንጠልጥላ፣ እጇን ታጥባ ትቀመጥና ገና ሳትጎርስ «ዛሬ ድንቡሼ ጸደቀ» ትላለች። አባቴ «እሰይ! ቀጭኔስ?» ብሎ ይጠይቃል። «ቀጭኔ እንኳ ተስፋ የላትም፤ ከሥሯ በስብሳለች» ትለውና ጨው አቀብሉኝ ትላለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኔ የፊት ጥርሶቼ በወለቁበት አፍ የጎረስኩትን እንደያዝኩ ክው እል ነበር። ቀጭኔን አውቃታለሁ። የሠፈራችን ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ባየችኝ ቁጥር ጉንጬን ሳትቆነጥጥ የማታልፍ። ጉንጭ መቆንጠጥ ያናድዳል፤ ግን ሰው ያስኮንናል እንዴ?

እናቴ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። በዚያ ተርም እያንዳንዱ ተማሪ ከጽጌረዳ ግንድ አንድ ቁራጭ ቆርጦ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ተክሏል። ጣሳው ላይ የተለጠፈው የተማሪው ቅጽል ስም ነው፤ እናቴም ቁራጩን የምትጠራው በልጁ ስም ነው። ሥር ካወጣ ጸደቀ፣ ከደረቀ አልጸደቀም። ይሄን ዛሬ ማንም ይነግራችኋል። እኔ ግን «ጸደቀ» የሚለውን ቃል ያስተማረኝ አያቴ ነው፤ የአያቴ ጽድቅ ደግሞ ከጣሳና ከአሸዋ ጋር አይተዋወቅም።

አባባ፣ የአባቴ አባት፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዕድሜ ልኩን መሪ ስለያዘ ሰማይ ቤትም የሚኬደው በአውቶቡስ መስሎታል፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ማስረዳት ቀሎታል። የጸደቀ ይሳፈራል፣ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ያልጸደቀ ፌርማታ ላይ ይቀራል። እየሮጠ ቢመጣስ ስለው፣ አይከፈትለትም ይለኛል፤ እሱ ራሱ በሥራ ዘመኑ ስንቱን ሯጭ በመስታወት እያየ ትቶ እንደሄደ በኩራት ይጨምርልኛል። እንግዲህ እራት ላይ እናቴ የምታወራውን ስሰማ አውቶቡሱ ውስጥ የማስገባው በዚህ ሒሳብ ነው። ድንቡሼ ገባ። ቀጭኔ ቀረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጭኔን መንገድ ላይ ሳገኛት ራሴ ጉንጬን አቀርብላት ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አሳዘነችኝ።

እናቴ በዚያ ተርም እንደነበረችው ደስተኛ ሆና አይቻት አላውቅም። ለዓመታት ሥርና ቅጠል ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስትስል ኖራለች፤ ተማሪዎቿም ደብተራቸው ላይ እየገለበጡ አልፈዋል። ዳይሬክተሩን ስትለምን ስትለምን በመጨረሻ የተሰባበሩ ዴስኮች የሚቆለሉበትን ዕቃ ቤት ሰጣት፤ መስኮቱ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን አለው። ከዚያ በኋላ የሠፈሩ ባዶ ጣሳ ሁሉ ጠፋ። ቤት ስትገባ ጣቶቿ በአዮዲን ቡኒ ሆነው፣ ልብሷ ስፒሪት ስፒሪት እየሸተተ ነው። ቅጠል ስፒሪት ውስጥ ቀቅለው፣ አረንጓዴው ሲለቅ አዮዲን ጠብ እያደረጉበት ሲጠቁር እንዴት እንደጮኹ ስትነግረን ራሷ ተማሪ ትመስላለች። አባባ እንዲህ ያለ ብክነት በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ፣ አልኮል ለቅጠል ከሚሰጥ ለሽማግሌ ቢሰጥ እንደሚሻል ይናገራል።

ጣጣው ወንድሜ የእሷ ተማሪ መሆኑ ነበር። ክፍል ውስጥ «እማዬ» ብሎ ክፍሉን ያስቃል፤ ቤት ሲመጣ ደግሞ «ቲቸር፣ ውሃ አለ?» ይላታል። ያለፈውን ዓመት ወድቆ ክፍሉን እየደገመ ነው። ሰነፍ አይደለም። የተበላሸ ቁልፍ፣ የቆመ ሰዓት፣ የማይዘጋ በር ስጡት፣ ቀኑን ሙሉ ቢሆን ሳያስተካክል አይነሳም። ወረቀት ፊቱ ስታስቀምጡ ግን አንደበቱም እጁም ይተሳሰራል። የፈተና ወረቀቱን ስሙን ብቻ ጽፎ የመለሰበት ጊዜ እንዳለ እናቴ በቀደም ነገረችኝ፤ ያኔ ከአባቴ ደብቃው ነበር።

አባቴ በያጅ ነው። የእሱ ሐሳብ ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ልጁ የእጅ ሰው ነው፣ እጁ ወደሚሠራበት ይምጣ፣ ወጣትነቱን ዴስክ ላይ አይጨርስ። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ልጁ አጠገቡ ሆኖ ሲሠራ ማየት የዘወትር ምኞቱ ነበር። እናቴ ደግሞ አንድ ተርም ብቻ ስጠኝ ትላለች፤ አሁን ትምህርቱ በእጅ ሆኗል፣ አሁን ያይ ይሆናል፣ ምን አስቸኮለህ ትላለች። ወንድሜ በሁለቱ መካከል አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አንድ ምሽት ነገሩ ከረር ሲል አባቴ ለማብረድ ብሎ በቀልድ ጀመረው። ያቺን እንጨት ማጽደቅ ካቃተው ምኑን ባዮሎጂ ተማረው አለ። እናቴ ቀልዱን አልወደደችውም፤ ወይም በጣም ወደደችው።

«እሺ» አለች፣ «የሱ ከጸደቀ እኔ ጋ ትምህርቱን ይቀጥላል።»

«ካልጸደቀስ?» አለ አባቴ።

«ካልጸደቀ አንተ ጋ፣ እሳቱ ላይ።»

በሳህኑ ላይ እጃቸውን አሻግረው ተጨባበጡ። አባባ ምስክር ነኝ አለ። ወንድሜ ቀና አላለም፣ ጆሮው ግን ቀላ።

እኔ አልተኛሁም ማለት ይቻላል። እስከዚያ ቀን ያልጸደቀ ፌርማታ ላይ ከመቅረት በቀር ሌላ መከራ ያለበት አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ አባባ ፀሐይ ሲሞቅ አጠገቡ ሄድኩና ያልጸደቀ ሰው በኋላ የት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። እንቅልፍ እያዳፋው፣ ወደ እሳት ነዋ አለኝ። እሳቱ ጋ ማን አለ? ጥቁር የሆነ፣ ፊቱ የማይታይ፣ ብረት የጨበጠ አንድ አስፈሪ አለ አለኝና አንኮራፋ።

እሱን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ማታ ማታ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነው።

ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። የአባቴ ብየዳ ቤት ግድግዳው ሁሉ ጥቁር ነው። እሱ ጭንብሉን ፊቱ ላይ ጣል ሲያደርግ ፊት የለውም፤ ብረቱን ሲነካው ሰማያዊ እሳት ይፈነጥቃል፤ እኔ ብቅ ካልኩ ደግሞ እንዳላይ፣ ዓይኔን እንድጨፍን ይጮህብኛል። ዓይኔን ብርሃኑ እንዳይጎዳው መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን የማይታይ ነገር ስለሚሠራ ነው ብዬ ደመደምኩ። አልጠላሁትም። መቼም አንድ ሰው እዚያ መሥራት አለበት፣ ሥራ አይናቅም ብዬ ነገሩን ተቀበልኩት። አባቴ ጨዋ ሰው ስለሆነ የሚመጡበትንም ብዙ አያሰቃያቸውም ብዬ ተጽናናሁ። ወንድሜ ግን እዚያ እንዲገባብኝ አልፈለግኩም። እሱ ከሄደ ጫማዬን ማን ያስርልኛል?

ስለዚህ ላጸድቀው ቆርጬ ተነሳሁ። ሲሳደብ አፉን በእጄ እከድናለሁ። ለአባባ ውሃ እንዲያመጣ እልከዋለሁ፤ አባባ ባይጠማውም። የወሰደብኝን እርሳስ በሰው ፊት ይቅር አልኩት፤ እርሳሱን ግን መልሼ አልተቀበልኩም፣ ይቅርታዬ እንዳይረክስ። ወንድሜ «ራዲዮ፣ ምን ሆነሻል?» ይለኛል። ቤት ውስጥ ራዲዮ ነበር የምባለው፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን ያነበበ ሰው አይጠይቀኝም።

የሱ ቁራጭ እንዴት ሆነ ተብሎ እራት ላይ ሲጠየቅ እናቴ ፊቷ ይጨማደዳል። አየዋለሁ ብሎ ይነቅላታል ትላለች። ጠዋት ሲገባ ሳብ፣ ሊወጣ ሲል ሳብ። ሥር መጀመሪያ ሲወጣ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ ሳብ ባደረጋት ቁጥር ይበጥሰዋል። አባቴ ሳቁን መደበቅ አቃተው፤ ልጁ ይሄን ከማን እንደተማረ ያውቃላ። አባቴ አንድ በር በይዶ ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት በሁለት እጁ ጨብጦ ሳይንጠው አይለቀውም። ያልሳቡትን ብየዳ አያምኑም፣ ይሄ የሙያው ሕግ ነው። ወንድሜ መሄድ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ያየው ይሄንኑ ነው።

እናቴ ጽጌረዳ በር አይደለም አለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ብላ ስትጀምር ወንድሜ ቀደማት። «በእግሩ ይሄዳል፣ አውቃለሁ። መቼ ነው የሚሄደው ነው ጥያቄዬ።»

አባባ በሳቅ ሊታነቅ ነበር። እኔም ሳቅኩ፣ ምክንያቱን ባላውቅም። ዛሬ ሳስበው ግን ወንድሜ ያን ሲል ቀልዶ አልነበረም። ያቺን እንጨት በቀን ሁለቴ የሚስባት ልቡ ስለተሰቀለ ነው፤ የሚመኘውን ነገር ዝም ብሎ መጠበቅ አልቻለበትም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ።

ያን ሰሞን እናቴ ሌላም የምትማረርበት ነገር ነበራት። ማነጻጸሪያ። አንዱን ጣሳ በላስቲክ ብትሸፍኑ፣ ሌላውን ሳትሸፍኑ አጠገቡ አስቀምጡ፤ አለዚያ የሸፈነው ላስቲክ ይጥቀም አይጥቀም በምን ታውቃላችሁ ትላቸዋለች። እነሱ ደግሞ እንደሚደርቅ እያወቅን ለምን እንተክላለን ይሏታል፤ ሁሉም የሚጸድቅበትን መንገድ ብቻ መርጦ ይመጣል። ይሄን በየምሽቱ ስለምትለው ቤታችን ውስጥ ቃሉ መቀለጃ ሆኖ ነበር። ወጡ ጨው በዝቶበታል ስትለን አባቴ፣ «ማነጻጸሪያው የታለ?» ይላታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትሄድ እኔን የሚጠብቀው ወንድሜ ነው። አንድ ቅዳሜ እጄን ይዞ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ወሰደኝ። ግንቡ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ አንስቶ አሻገረኝና እሱም ተከትሎኝ ዘለለ። የዕቃ ቤቱ መስኮት ከውጭ ሲገፉት እንደሚከፈት ያውቃል። ውስጡ እርጥብ አሸዋና አሮጌ እንጨት ይሸታል፤ በመስኮቱ በኩል የተማሪዎቹ ጣሳዎች ተደርድረዋል፣ ፀሐዩ በላስቲኩ ውስጥ አልፎ ጠብታዎቹን ያበራቸዋል። እኔ ግን እንዳያቸው ጊዜ አልተሰጠኝም። እግሩ የተሰበረ ዴስክ ላይ አስቀመጠኝና ሰው ከመጣ እንዳስነጥስ ነገረኝ። እሱ ከዴስኮቹ ክምር ኋላ ገባ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ ብቻ ነው። አሸዋ ሲጫር፣ ጣሳ ከጣሳ ሲጋጭ፣ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል። ምን እያደረግክ ነው ስለው ዝም በይ ይለኛል። ሲወጣ እጁ በአሸዋ ተለውሷል፤ ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ፣ ለእማዬማ ጭራሽ። ጭንቀቱን በዓይኑ ስላየሁ ማልኩለት። በልቤ ግን የሰረቀውን እየቀበረ ነው ብያለሁ። በየቅዳሜው እንዲህ እየሆነ ኃጢአቱ ተቆለለብኝ፤ አጥር መዝለል፣ በመስኮት መግባት፣ መስረቅ፣ መደበቅ። እኔ በአንድ በኩል አጸድቀዋለሁ፣ እሱ በሌላ በኩል ያበላሸዋል። ልፋቴ ሁሉ ውሃ በላው እያልኩ እቃጠል ነበር።

የተርሙ ማለቂያ ሲደርስ እናቴ አንድ ዓርብ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አላንጠለጠለችም፤ ጭኗ ላይ እንደያዘች ተቀመጠች። ዛሬ የሁሉንም እንዳየች ተናገረች። ድንቡሼ ብዙ ሥር አውጥቷል። ቀጭኔ ሁለተኛ ቁራጭ ተክላ ኖሮ እሷም ተርፋለች። እኔ ለቀጭኔ እጄን ላጨበጭብ ስል የእናቴን ፊት አየሁና ተውኩት።

«የሱ አልጸደቀም» አለች።

አባቴ ደስ አላለውም፤ ይሄን ልመስክርለት። ማንኪያውን አስቀመጠና ስምምነት ስምምነት ነው አለ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ አንድ ሰው ቢከራከረው ደስ እንደሚለው ሰው። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ጋ ይምጣ፣ ዓመቱን ከዚህ በላይ አያቃጥል አለ። እናቴ አልተከራከረችም፤ የተጨባበጠችው ራሷ ናት። ወንድሜ እሺ አለ። ያቺ እሺ ከጉሮሮው ስትወጣ የታመመ ሰው ድምፅ ነበራት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ወንበሬ ላይ ቆምኩ። አባባ ያልተናዘዙት ኃጢአት እንደማይሰረይ ነግሮኛል፤ እሱ የማይናዘዝ ከሆነ እኔ ልናዘዝለት ነው። አጥር እንደሚዘል ነገርኳቸው። በመስኮት እንደሚገባ፣ እኔንም እንደሚያስገባኝ፣ ከዴስኮቹ ኋላ የሰረቀውን እንደሚደብቅ፣ ግን ከልቡ እንደሚጸጸት ነገርኳቸው፤ መጸጸቱን ራሴ ነው የጨመርኩት። ይቅር በሉትና አጽድቁት፣ ወደ እሳቱ አትስደዱት ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። አባቴ የትኛው እሳት ነው አለ። አንተ ጋ ያለው አልኩት።

አባባ የጠጣው ውሃ ትን አለው። አባቴ ጀርባውን እየመታለት ሳቁን ማቆም አልቻለም፤ በኋላ እንዳጫወተኝ ግን የገዛ ልጁ ሰይጣን ነው ብላ ያሰበችው ሰው ምን እንደሚሰማው ማንም አይገባውም። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗን ከወንድሜ አልነቀለችም።

«ከዴስኮቹ ኋላ ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሄድን፤ በበሩ በኩል። ዘበኛው ቤተሰቡን ሁሉ ሲያይ የወላጅ ስብሰባ መስሎት ነበር። እናቴ ዕቃ ቤቱን ከፈተችና በቀጥታ ወደ ክምሩ ሄደች። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ እናቴን ተከትዬ በዴስኮቹ እግሮች መካከል ሾለክኩና ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

የተሰረቀ ነገር የለም። ትንሿ የጓሮ መስኮት ሥር ጣሳዎች በሦስት ረድፍ ቆመዋል። በየረድፉ ፊት አሸዋው ላይ የተሰካ የቆርቆሮ ቁራጭ አለ፣ ፊደሉ በሚስማር ተቀጥቅጦ የተጻፈ። ማንበብ ገና እየጀመርኩ ስለነበር እናቴ ጮክ ብላ ስታነብ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያው «በየቀኑ የተነቀለ» ይላል፤ እዚያ ያሉት ጽጌረዳዎች ጠቁረዋል። ሁለተኛው «ቅዳሜ ቅዳሜ የተነቀለ» ይላል፤ እነሱ ግማሽ አረንጓዴ፣ ግማሽ ቡኒ ናቸው። ሦስተኛውን ለማንበብ እናቴ ጎንበስ አለች።

«ያልተነካ» አለች።

የሦስተኛው ረድፍ ቁራጮች ከጎናቸው ቀላ ያለ ትንንሽ ቅጠል አውጥተዋል። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እግሩ የተሰበረ ዴስክ ላይ ቁጭ አለች፤ ዴስኩ ሲያጋድል እንኳ አልተነሳችም። ስታለቅስ ሳይ በቃ፣ ከስርቆት የባሰ ነገር ነው ያገኘችው ብዬ አመንኩ። ያን ሁሉ ተርም ከክፍሉ ሙሉ ተማሪ አንድ እንኳ ሳይታዘዝ ማነጻጸሪያ ያስቀመጠላት ልጅ እንዳላገኘች፣ ያስቀመጠላት ደግሞ፣ የፈተና ወረቀት ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ የሚመልሰው የራሷ ልጅ እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ለምን አልነገርከኝም አለችው። ወንድሜ በሩን እንደተደገፈ መሬት መሬት እያየ መለሰላት። «የኔን ስቤ ገደልኳት። ከዚያ ልክ መሆንሽን ላረጋግጥ ፈለግኩ።»

«ልክ መሆኔን ነግሬህ የለ?»

«ነግረሽኛል። አላየሁትም ነበር።»

አባቴ ቆርቆሮውን ከአሸዋው ነቅሎ በጣቱ ዳሰሰው። የራሱ ብየዳ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ጫፉ ደግሞ እጅ እንዳይቆርጥ በደንብ ተሞርዷል። መልሶ ሰካው። ከዚያ ወንድሜን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀው።

«መማር ትፈልጋለህ?»

ወንድሜ ሲጨንቀው የሚናገርበት አፍ አልተሰጠውም። ዝምታው ሲረዝምብኝ፣ ራዲዮ አይደለሁ፣ እኔ ገባሁበት። ታዲያ ወንድሜ ጸደቀ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ አስተማሪ ሆነች። ስለየትኛው ጽድቅ እንደጠየቅኳት አልገባትም። ቁራጭ ሥር ሳያወጣም ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል አለችኝ፤ ስለዚህ ቅጠል አይተን አንፈርድም፣ ሥሩን ሳናይ ጸደቀ አንልም። አባቴ ይሄን ሲሰማ እጁ በልማዱ ሄደ። ካልተነኩት አንዷን በሁለት ጣቱ ያዛት። ወንድሜ ከበሩ መቼ እንደደረሰ አላየሁም፤ የአባቴን የእጅ አንጓ ጨብጦ ነበር።

«አባዬ፣ አትንቀለው።»

እንደዚያ ብሎት አያውቅም። አባቴ ቀና ብሎ አየው፤ ጽጌረዳዋን አይደለም ያየው፣ ልጁን ነው። ጣቶቹን አላላና ለቀቃት።

«አልነቅለውም» አለ።

እናቴ ቀስ ብላ ተነሳች። «ሳትስበው ታምናለህ?»

«ይቆይና ይታያል። ሰኞ ትምህርቱ ይሂድ።»

እኔ ያልገባኝ ብዙ ነገር ነበር፤ መጽደቁን ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ፣ አባባ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሲጠርግበት ስላየሁ። ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰና ጆጉን አንስቶ ያልተነካችውን ጣሳ ማጠጣት ጀመረ። አሸዋው ጠገበ፣ ጣሳው ሞላ፣ ውሃው በጠርዙ ላይ አልፎ ጫማው ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ እሱ ማፍሰሱን አላቆመም። ውሃ አታብዙበት እያለች ሙሉ ተርም ድምፅዋ የተዘጋው እናቴ አጠገቡ ቆማ ነበር፣ ምንም አላለችውም።